ሲሙሌሽን ለሮል ፎርሚንግ ቅንጦት ነውን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በብረታ ብረት ሙያ ውስጥ ባለን ሰዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ ሮል ፎርሚንግ ነው፤ ጥቅል ላሜራን ሳያሞቁ በተደረደሩ ጥንድ ሮለሮች መሀል እያሳለፉ ቀስ በቀስ ቆርቆሮ፣ ሲ ፐርሊን (የጣሪያ ተሸካሚ ብረት)፣ የበርና የመስኮት ፕሮፋይል ስለሚያደርጉበት ሥራ። መልእክቱ ባጭሩ፣ ለዚህ ሥራ የኮምፒውተር ሲሙሌሽን (ሥራውን ማሽን ላይ ከመሞከር በፊት በኮምፒውተር ስሌት መሞከር) ማስገባት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሚል ነው። የጻፉት ሰው ሙያውን እንደሚያውቁ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ዝም ብሎ ማለፍ ያልሆነልኝም ለዚህ ነው። ማሽን አጠገብ ቆሞ የማያውቅ ሰው ቢጽፈው ኖሮ ማንም አይቀበለውም ነበር።

ክርክራቸውን ሳላጣምም ላቅርብ። በመጀመሪያ፣ ሮል ፎርሚንግ በመሠረቱ ማጠፍ ነው ይላሉ፤ የላሜራው ውፍረት ስለማይቀየር በየስታንዱ (አንድ ጥንድ ሮለር በተተከለበት በእያንዳንዱ ቦታ) የሚታጠፈውን ማዕዘን ወረቀት ላይ ከነደፉና የላሜራውን ስፋት ከሠንጠረዥ ካወጡ የንድፉ ሥራ አለቀ። ቀጥለውም የሲሙሌሽን ውጤት ከማሽኑ ውጤት ጋር አይገጥምም፣ ማሽኑ ሲነሣ ሙከራና ማስተካከያ ስለማይቀር ኮምፒውተር ላይ የጠፋው ጊዜ ድርብ ድካም ነው ይላሉ። ሦስተኛው ነጥባቸው ብዙ ዓመት ሮለር ሲያስተካክል የኖረ ባለሙያ ጉድለቱን በዓይኑ አይቶ የቱን ብሎን ማጥበቅ እንዳለበት ያውቃል የሚል ነው። አራተኛው ስለ ዋጋ ነው፦ ሶፍትዌሩ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ዕቃ ነው፣ ለጀርመንና ለጃፓን የመኪና ፋብሪካ እንጂ ለእኛ አይሆንም። የመጨረሻው፣ ብዙ ሰው ያጨበጨበለትም ይመስለኛል፣ የአገራችን ፋብሪካዎች ዋና ችግር የሚገባው ኮይል (ጥቅል ላሜራው) ወጥ አለመሆኑ ነው፣ ሲሙሌሽን ደግሞ ኮይሉን አይለውጠውም የሚለው ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ፤ የቀሩት ሁሉ የቆሙት በእሱ ላይ ነውና። ሮል ፎርሚንግ ማጠፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱም በማጠፊያ ፕሬስ ከሚታጠፍ ላሜራ ጉድለት ጋር አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። አይደለም። በፕሬስ የታጠፈ ሲ ቅርጽ እምብዛም ቁመቱን ይዞ አይጎብጥም፣ ጠርዙም አይሞገድም፤ ስህተቱ በአብዛኛው ማዕዘኑ ላይ ነው። ከሮል ፎርሚንግ ማሽን የሚወጣው ግን ይጎብጣል፣ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ይጠማዘዛል፣ ጠርዙ ይሞገዳል፤ በመጋዝ ሲቆረጥ ደግሞ አንዱ ጫፍ ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ ሌላው ወደ ውጭ ይከፈታል። እነዚህ ሁሉ ከመታጠፊያው መስመር የሚመጡ አይደሉም። የሚመጡት ከላሜራው ጠርዝ ነው።

ወለሉ (የላሜራው መሀል) ቀጥ ብሎ ሲጓዝ ክንፉ (የሚታጠፈው ጎን) ከአንዱ ስታንድ ወደ ሌላው እየተነሣ ስለሚሄድ ጠርዙ የሚያቋርጠው መንገድ ከወለሉ መንገድ ይረዝማል። በ400 ሜትር ሩጫ መነሻው ካልተስተካከለ የውጩ መስመር ሯጭ ብዙ ይሮጣል፤ ያ ሯጭ ግን ቢያንስ ወደኋላ መቅረት ይችላል። ላሜራው አንድ አካል ስለሆነ ጠርዙ መቅረት አይችልም፤ መለጠጥ አለበት። በሚቀጥለው ስታንድ ደግሞ ወለሉ ሊመልሰው ይጨምቀዋል። መለጠጡ ብረቱ ወደ ቦታው ከሚመለስበት ወሰን በታች ከሆነ ምንም አይቀርም። ካለፈ ግን ጠርዙ ለዘለቄታው ከወለሉ ይረዝማል፤ መጎበጡም መሞገዱም የዚህ ትርፍ ርዝመት ውጤት ነው።

ቁጥር ላስገባ። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ፣ 40 ሚሊ ሜትር ክንፍ፣ በስታንድና በስታንድ መሀል 300 ሚሊ ሜትር። የጠርዙ አነሣስ ከ1 ዲግሪ ከ25 ደቂቃ (አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው) አይብለጥ የሚለው የቆየ የሙያው ሕግ ክንፉን 90 ዲግሪ ለማቆም 1,600 ሚሊ ሜትር ገደማ መንገድ ይጠይቃል። ይህ 6 ስታንድ ነው፣ በእያንዳንዱ 15 ዲግሪ። እዚህ ድረስ ወረቀት ይበቃል፤ ጸሐፊው ልክ ናቸው። በአንድ ስታንድ ጠርዙ ከነበረበት 10.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈናቀላል። መፈናቀሉ በ300 ሚሊ ሜትሩ ላይ እኩል ተዘርግቷል ብለን ካሰላን ጠርዙ የሚለጠጠው 0.06 በመቶ ብቻ ነው። በ250 ሜጋፓስካል (የውጥረት መለኪያ ነው) የሚሸነፍ፣ ማለትም ከዚያ ሲያልፍ ወደ ቦታው የማይመለስ፣ ለስላሳ ብረት እስከ 0.12 በመቶ ተለጥጦ ወደ ቦታው ይመለሳል። እንግዲህ በወረቀቱ መሠረት ጠርዙ ምንም አይሆንም፣ ብረቱም ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ላሜራው ግን በ300 ሚሊ ሜትሩ ላይ እኩል አይነሣም። ከቀደመው ሮለር ከወጣ በኋላ የተሰጠውን ቅርጽ እንደያዘ ጥቂት ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ሮለር ሲቃረብ ነው ባጭር ርቀት ውስጥ የሚነሣው። ባታቻሪያና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት ቀመር ይህን ርቀት ከክንፉ ስፋት፣ ከማዕዘኑና ከውፍረቱ ያሰላዋል። ለእኛ ምሳሌ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ያው 10.4 ሚሊ ሜትር በ150 ውስጥ ሲጨመቅ የጠርዙ መለጠጥ 0.24 በመቶ ይደርሳል። ከወረቀቱ ግምት አራት እጥፍ፣ ከብረቱ ወሰን ደግሞ እጥፍ ነው። ልብ በሉ፣ በዚህ ቀመር ውስጥ የስታንዶቹ ርቀት ጨርሶ የለም። ጠርዙ ሞገደ ብሎ ስታንዶቹን ከ300 ወደ 500 ማራቅ በብዙ ቦታ የሚሰጥ ምክር ነው፤ በዚህ ምሳሌ ግን ማሽኑን ከማርዘም ሌላ የሚያመጣው ነገር የለም።

ይኸው በእጅ አሰላኸው፣ ታዲያ ሲሙሌሽኑ ለምን? ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀመሩ የተሠራው ለቀላል ዩ ቅርጽ ነው። የብረቱ ጥንካሬ አልገባበትም፤ ከቀደሙት ስታንዶች የተጠራቀመው ውጥረትም አልገባበትም። ክንፉ ላይ ከንፈር (የታጠፈ ጫፍ) ሲጨመር፣ ወለሉ ላይ ጎድን (ወጣ ያለ መስመር) ሲኖር፣ ወይም እንደ ዜድ ፐርሊን ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ሳይሆን ሲቀር ቀመሩ ዝም ይላል። ሲሙሌሽን የሚጀምረው እዚያ ነው። ላሜራው በጥቃቅን ክፍልፋዮች ይከፈላል (ዘዴው ፋይናይት ኤለመንት ይባላል)፣ ሮለሮቹ የማይበገሩ ግትር ገጾች ተደርገው ይቀመጣሉ፣ ላሜራው በመካከላቸው እንዲያልፍ ይደረግና በእያንዳንዱ እርምጃ የት እንደተነካ፣ ምን ያህል እንደተለጠጠ፣ ሲለቀቅ ምን ያህል እንደሚመለስ ይሰላል። ስሌቱ እንደ ፕሮፋይሉ ሰዓታትን ወይም ቀናትን ይፈጃል። በመጨረሻ የሚገኘው የጠርዙ ታሪክ ነው፤ በየትኛው ስታንድ ወሰኑን አለፈ፣ በየትኛው ተጨመቀ፣ በየትኛው ምንም ሳይሆን አለፈ።

የመጨረሻዋ ነገር አትናቅ። ምንም ያልሠራ ስታንድ ማግኘት ማለት አንድ ጥንድ ሮለር፣ ሁለት ዘንግ፣ አራት ኩሽኔታ መቀነስ ማለት ነው። ጸሐፊው ሲሙሌሽን ወጪ ይጨምራል ሲሉ ይህን ወገን አላሰቡትም።

ሌላ ምሳሌ። ብዙ የሮለር ነዳፊዎች የጠርዙን መለጠጥ ለመቀነስ ወለሉን ከስታንድ ስታንድ ጥቂት ጥቂት ዝቅ ያደርጉታል፤ ወለሉ ሲወርድ ጠርዙ ብዙ ስለማይወጣ የሁለቱ መንገድ ይቀራረባል። ዘዴው የታወቀ ነው፤ ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ምን ያህል ዝቅ ይደረግ የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሲያንስ ጥቅም የለውም፤ ሲበዛ ደግሞ ትርፍ መለጠጡ ከጠርዙ ወደ ወለሉ ይዛወርና ብረቱ በተቃራኒው ይጎብጣል። በማሽን ላይ ለመፈተን የሁሉንም ስታንድ ከፍታ መቀየር፣ የማስተላለፊያውን ክፍል እንደገና ማቀናጀት ያስፈልጋል። በኮምፒውተር አንድ ቁጥር ለውጦ ማታ አስነስቶ ጠዋት ማየት ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ሲሙሌሽን ከማሽኑ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ስሌቱ ሮለሩን ግትር ያደርገዋል፣ በእውነት ግን ዘንጉ ይለምጣል፣ ስታንዱ ይከፈታል፣ ያረጀ ኩሽኔታ ይላወሳል። ኮይሉ ሲጠቀለልና ሲፈታ የያዘው ውጥረት ብዙ ጊዜ በስሌቱ አይገባም። ብረት አንዴ ወዲህ ታጥፎ ወዲያ ሲመለስ ቶሎ ይሸነፋል፤ ቀላሉ የብረት ሞዴል ይህን አያውቅም። ጠንካራ ብረቶች ቅርጻቸው ከተቀየረ በኋላ ግትርነታቸው ከ10 በመቶ በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ይህን ያላስገባ ስሌት ብረቱ የሚመለስበትን ማዕዘን ያሳንሰዋል። በሚሊ ሜትር የተቆረጠ የመጎበጥ ቁጥር የሚሰጥ፣ በዚያ ላይም የሚምል መሐንዲስ ካጋጠመዎት እኔም ከእርስዎ ጋር ሆኜ እጠራጠረዋለሁ። ቀይና ሰማያዊ ሥዕል ስብሰባ ላይ እያሳዩ ማሽኑ አጠገብ የማይደርሱ ሰዎች መኖራቸውም እውነት ነው። ጸሐፊውን ያስቆጡት እነሱ ከሆኑ ቁጣው አለቦታው አይደለም።

ይሁን እንጂ የማይገጥም ሁሉ የማይጠቅም አይደለም። ለነዳፊው የሚያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ንድፍ የትኛው ይሻላል የሚለው ነው። መጀመሪያ ወለሉ ላይ ያለውን ጎድን ላውጣ ወይስ ክንፉን ላንሣ? በአራተኛው ስታንድ 20 ዲግሪ ልውሰድ ወይስ ለሁለት ልክፈለው? ያው ስህተት በሁለቱም ስሌት ላይ ስላለ ንጽጽሩ ከነጠላው ቁጥር የበለጠ ይታመናል። የመጀመሪያው ሙከራ አይቀርም ማለትም አሥረኛው ሙከራ አይቀርም ማለት አይደለም። ሙከራው የት ቢደረግ ይሻላል በሚለው ላይ ነው የምንለያየው። ከዲ2 ዓይነት የመሣሪያ ብረት ተቆርጦ ወደ 60 ሮክዌል ሲ (የጥንካሬ መለኪያ) የተጠነከረ ሮለርን ተራ ቶርኖ እንደልቡ አይቆርጠውም፤ መፍጫ ይጠይቃል። መፍጫውም ቢሆን መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም። በክሮም የተለበጠ የቆርቆሮ ሮለርም ቢሆን አንዴ ከተነካ ልባጡ ሄደ። በዚህ ብረት ላይ ስህተትን ከማግኘት ስሌት ላይ ማግኘት ርካሽ ነው።

አይገጥምም የሚለውን ክርክር ለመዝጋት ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። ማሽኑን አቁሞ ሮለሮቹ መሀል ያለውን ላሜራ ሳይጎትቱ ቆርጦ ማውጣት ነው። ያ ቁራጭ የመጀመሪያውን ስታንድ ቅርጽ ከአንዱ ጫፍ፣ የመጨረሻውን ከሌላው ጫፍ ይዞ ይወጣል። በየስታንዱ ማዕዘኑን መለካትና ከስሌቱ ጎን ማስቀመጥ ይቻላል። የተለያዩበት ስታንድ ከተገኘ ወይ ስሌቱ ወይ የማሽኑ አቀማመጥ ተሳስቷል፤ አቀማመጡ ተሳስቶ ከተገኘ ደግሞ ስሌቱ ለማሽኑ ጥገና ጠቆመ ማለት ነው። ጽሑፉ አይገጥምም ሲል ምን ተለክቶ እንዳልገጠመ አይነግረንም።

ስለ ባለሙያው ዓይን ብዙ አልልም፤ የተነገረው አብዛኛው እውነት ነው። ለዓመታት የሚያውቀውን ፕሮፋይል በሚያውቀው ብረት የሚያስተካክል ሰው ከማንኛውም ሶፍትዌር ይፈጥናል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ዓይን የሚያየው ከማሽኑ የወጣውን ነው፤ በስምንተኛው ስታንድ የታየ ሞገድ በሦስተኛው የተጀመረ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ላይ ጠርዙ አላግባብ ሲለጠጥ ለዓይን የሚታይ ነገር የለም፤ 0.24 በመቶን ማን ያያል? በመጨረሻው ማስተካከያ ሮለር ተጭኖ ቀጥ የተደረገ ብረት ውጥረቱን በውስጡ ይዞ ይሄድና ደንበኛው ሲቆርጠው ወይም ሲበሳው ይከፈታል።

ሁለተኛው፣ ልምድ የሚሠራው በታየ ነገር ላይ ነው። ያው 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ በ4 ሚሊ ሜትር ውስጣዊ ሬዲየስ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ፣ በ250 ሜጋፓስካል የሚሸነፍ ከሆነ ወደ 0.7 ዲግሪ ይመለሳል። በ700 የሚሸነፍ ከሆነ 1.8 ዲግሪ ነው። እጁ በ0.7 የሠለጠነ ባለሙያ አዲሱ ብረት ሲገባ እንደገና ተማሪ ይሆናል። በዓለም ላይ ሲሙሌሽኑ መጀመሪያ የተስፋፋው እንደ መኪና መከላከያ ባሉ ሥራዎች መሆኑ አያስገርምም፤ 1,500 ሜጋፓስካል የሚደርስ ማርቴንሳይት የሚባል እጅግ ጠንካራ ብረት የሚለጠጠው ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ በተራ ማተሚያ ፕሬስ በቀዝቃዛው ለማውጣት ይከብዳል፣ ሮል ፎርሚንግ ግን ይቀበለዋል። እዚያ የሚመካበት የቆየ ዓይን አልነበረም።

ዋጋን በተመለከተ ጽሑፉ ግማሽ እውነት ይዟል። ለሮል ፎርሚንግ ተብለው የተሠሩት የጀርመኖቹ ሶፍትዌሮች ኮፕራና ፕሮፊል በየወርክሾፑ የሚገዙ አይደሉም። ኮፕራ ስሌቱን ማርክ በሚባል የስሌት ሶፍትዌር ላይ ይሠራል፤ ፕሮፊል ንድፉን ኤልኤስ ዳይና ወደሚባል ሌላ የስሌት ሶፍትዌር ያስተላልፋል፤ የሁሉም ፈቃድ በውጭ ምንዛሪ ነው። ከቻይና ሮለሩ የተሟላለት የቆርቆሮ ማሽን ገዝቶ አንድ ፕሮፋይል ብቻ ለዓመታት የሚያወጣ ፋብሪካም ሶፍትዌር ይግዛ አልልም። ገንዘቡን ለተሻለ ማስተካከያና ለመለዋወጫ ቢያውለው ይሻለዋል። ማሽኑን ሲያዝ ግን አቅራቢውን የጠርዙን መለጠጥ በየስታንዱ የሚያሳይ የስሌት ውጤት ስጠኝ ማለት ይችላል። መጠየቅ በነጻ ነው፤ የሚሰጠው መልስም ስለ አቅራቢው ብዙ ይናገራል።

የቀረው ግማሽ ግን ጊዜ ያለፈበት ነው። ካልኩሊክስና የፈረንሳዩ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ያዘጋጀው ኮድ አስተር በነጻ የሚወርዱ የስሌት ሶፍትዌሮች ናቸው፤ አልቴር የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2022 ኦፕንራዲዮስን ኮዱን ሳይቀር ለሁሉም ከፍቶታል፤ ይህኛው ብዙ ግጭትና ንክኪ ላለበት ስሌት የሚመች ዓይነት ነው። ነጻ ነው ማለት ግን ያለ ድካም ነው ማለት አይደለም። ለሮለር የተዘጋጀ መስኮት የላቸውም፣ ሞዴሉን ከባዶ ማቀናጀት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ደካማ ላፕቶፕም አይበቃም። ነገር ግን የጎደለን የውጭ ምንዛሪ ነው ከተባለ እነዚህ የሚፈልጉት የሰው ሰዓት ነው። ፋይናይት ኤለመንት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምሕንድስና ይሰጣል፤ ኮርሱን የተማሩት ልጆች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ይፈልጋሉ። አንድ እውነተኛ የዜድ ፐርሊን ንድፍ ከነችግሩ ቢሰጣቸው ለመቶኛ ጊዜ ስለ ድልድይ ምሰሶ ከሚሠሩ ይሻላቸዋል።

አሁን ወደ ኮይሉ። የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ይህ ነው፤ መነሻውም ትክክል ነው። ላሜራው ከተለያየ አገርና ፋብሪካ ይገባል፣ ውፍረቱ ከተጻፈው ያንሳል፣ አንዱ ኮይል እንደ ሌላው አይታጠፍም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ነገሩ ከብዷል፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ስላለፈ፣ በማስተካከያ ላይ ቁርጥራጭ ሆኖ የሚጣለው እያንዳንዱ ሜትር ላሜራ በብር ሲቆጠር እጥፍ ገደማ ሆነ። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ሲሙሌሽን ኮይሉን አይለውጥም ይላሉ። አይለውጥም። መደምደሚያቸው ግን ከመነሻው ጋር ይጋጫል፤ ኮይሉ ሁሌ አንድ ዓይነት ቢሆን ነበር አንዴ አስተካክሎ መተው የሚቻለው። ኮይሉ ስለሚለዋወጥ ነው ማሽን ሳያቆሙ፣ ላሜራ ሳያበላሹ ቢለወጥስ ምን ይሆናል የሚለውን የሚመልስ መሣሪያ የሚያስፈልገው።

ሻካራ ግምት ልሥራ፤ ይህንንም በእጅ ቀመር። 0.4 ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ፣ መታጠፊያው 5 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ፣ ማዕዘኑ 45 ዲግሪ። ብረቱ በ250 ሜጋፓስካል የሚሸነፍ ከሆነ መታጠፊያው 2 ዲግሪ ያህል ይመለሳል። ውፍረቱ ከ0.4 ወደ 0.35 ቢወርድ ወደ 2.3 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ከግማሽ ዲግሪ በታች ነው። አሁን ውፍረቱን 0.4 ላይ ትተን ብረቱን ብቻ እንቀይር፤ ጂ550 በሚባለው ደረጃ የሚመጣው ቆርቆሮ ቢያንስ በ550 ሜጋፓስካል ነው የሚሸነፈው። ያው መታጠፊያ 4.5 ዲግሪ ይመለሳል።

ሮለሩ ለለስላሳው ተስተካክሎ ጠንካራው ቢገባ የጎድኑ ግድግዳ ከ45 ወደ 42.5 ዲግሪ ገደማ ይዘረጋል። ጎድኑ 25 ሚሊ ሜትር ከፍታ ካለው እያንዳንዱ ግድግዳ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሰፋል። አምስት ጎድን ያለው ቆርቆሮ አሥር ግድግዳ አለው፤ ስፋቱ በጠቅላላው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ጣሪያ ላይ ያለው ሠራተኛ አንዱ ቆርቆሮ ሌላው ላይ አልተኛም ብሎ ሲጮህ የሚያወራው ስለዚህ 1 ሴንቲ ሜትር ነው።

ወርክሾፖቻችን ኮይል ሲገባ የሚለኩት ምንድን ነው? ውፍረቱን፣ በማይክሮ ሜትር። ውፍረቱ ሲያንስ ደንበኛ ስለሚያጉረመርምና ዋጋውም በእሱ ስለሚታሰብ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከላይ ያለው ስሌት እንደሚያሳየው ቅርጹን የሚያበላሸው በዋናነት ጥንካሬው ነው፤ እሱን ግን እምብዛም የሚለካ የለም። በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ደረጃም አያድንም። ኤስ350ጂዲ የሚለው ስም ከ350 አያንስም ይላል እንጂ ከዚያ ምን ያህል እንደሚበልጥ አይናገርም። ስለዚህ ያው ስም የያዙ ሁለት ኮይሎች በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ቅርጽ ቢያወጡ የኦፕሬተሩ ጥፋት አይደለም፤ ስንቱ ኦፕሬተር ግን በዚህ ተወቅሷል!

የእጅ ቀመሩ አንድን መታጠፊያ ብቻውን ነው የሚያየው። በእውነተኛው ቆርቆሮ ላይ ጎረቤት ጎድኖች እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ የመሀሉ በዳሩ ይታሰራል፣ የዳሩ እንደልቡ ይከፈታል፤ ስለዚህ 1 ሴንቲ ሜትሩ በአንድ ወገን ሊከማች ይችላል። ፋይናይት ኤለመንት እዚህ ላይ ነው ዋጋውን የሚያወጣው። ለአንድ ፕሮፋይል ሞዴሉ አንዴ ከተሠራ በኋላ 280፣ 350፣ 450፣ 550 ሜጋፓስካል እያስገቡ ማስኬድ የኮምፒውተር ሰዓት ብቻ ነው። የሚወጣው አንዲት ገጽ ሠንጠረዥ ናት፦ ኮይሉ በዚህ ጥንካሬ ከመጣ ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ስታንድ ያለውን ይህን ያህል ዝጋ፣ በዚህ ከመጣ ይህን ያህል ክፈት። ኦፕሬተሩ ሶፍትዌሩን ማየትም አያስፈልገውም። ጽሑፉ በባለሙያውና በሲሙሌሽኑ መሀል ያቆመው አጥር በዚህች ገጽ ላይ የሚታይ አይደለም፤ ቁጥሮቹን የሚያርመው ያው ባለሙያ ነውና።

ለጸሐፊው አንድ ሐሳብ ላቅርብ። እርስዎ በደንብ የሚያውቁትን አንድ ፕሮፋይል ይምረጡ፣ የሮለሩን ስዕል ከነስታንዶቹ ርቀት ይላኩልኝ። ከሦስት የተለያዩ ኮይሎች አንዳንድ ቁራጭ ይቆረጥና ብረትን ስቦ በሚበጥስ መለኪያ ማሽን ጥንካሬያቸው ይለካ፤ ቁጥሩ ለእኔም ለእርስዎም ይሰጥ። እኔ ከሦስቱ የትኛው ሰፍቶ እንደሚወጣ፣ የትኛው እንደሚጎብጥ፣ በየትኛው ስታንድ ላይ ማስተካከያ እንደሚያስፈልግ አስቀድሜ ጽፌ በፖስታ አሽጌ እሰጣለሁ። እርስዎም በዓይንዎና በልምድዎ ይጻፉ። ስፋቱን እስከ ሚሊ ሜትር አገኛለሁ ብዬ አልወራረድም። ቅደም ተከተላቸውንና ስታንዱን ካልሳትኩ ግን ሁለቱን ፖስታዎች ጎን ለጎን እናትማቸው፤ ከሳትኩም እንደዚያው።